የተሰበሰበ ሁሉ ብዙ አይደለም

ስለ ባሕሩ ሞቡላና ስለ ጣናው ነጭ ዓሣ በራዲዮ የተሰጠ ንግግር



በይርጋ ጨፌ አጠገብ በምትገኘው በኢዲዶም ሆነ በሌላው የጌዴኦ አገር፣ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተጎራብቶ በሚበቅልበት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው፣ ከሚያያቸው የጥላ ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ብርብራ ለገበሬው ደግ ዛፍ ነው። ጥላው ቡናውን ከፀሐይ ግለት ይከላከላል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ሥሩም እንደ ዘመዶቹ እንደ ባቄላና እንደ አተር ለአፈሩ ምግብ ይጨምራል። የጌዴኦ ሕዝብ ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ ማሳ አስማምቶ የሚያለማበት ጥንታዊ ዘዴ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ብርብራም ከባልንጀሮቹ ዛፎች ጋር የዚያ ክብር ተካፋይ ሆኗል ማለት ይቻላል። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።)

ይሁን እንጂ ይህ ደግ ዛፍ ሌላም ጠባይ አለው። ዘሩ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ይመርዛል። በዘሩ ውስጥ የሚገኘው ሮቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ስንጥብ በሚባለው መተንፈሻው በኩል ወደ ዓሣው ሰውነት ገብቶ በአየሩ እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ ዓሣውም በውሃ መካከል ሳለ እንደ ታፈነ ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በአገራችን በአያሌ ስፍራዎች፣ በተለይም በጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች አካባቢ፣ የብርብራ ዘር ከጥንት ጀምሮ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ያንኑ የብርብራ ዱቄት አንድ ሰው ወስዶ በሰፊው ሐይቅ መካከል ቢበትነው የረባ ጉዳት አያደርስም፤ ውሃው ያቀጥነዋል፤ ዓሣውም በየአቅጣጫው ተበትኖ ይኖራልና። ዱቄቱ የሚበረታው ዓሣው በጠባብ ስፍራ በብዛት በተሰበሰበ ጊዜ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ዓሣ ለምን ይሰበሰባል? ተሰብስቦ ስናየውስ «እንዴት ያለ ብዛት ነው!» ብለን መደነቃችን ትክክል ነውን?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለሰው ልጅ እውነት እንደ ሆነ ሁሉ፣ እስከ ተወሰነ ድረስ ለዓሣም እውነት ነው። ዓሦች አንድ ላይ ሲጓዙ አዳኙ እንስሳ ዓይኑን በአንዱ ላይ ሊያሳርፍ አይችልም፤ ይዋልልበታል። ምግብ ያለበትን ስፍራ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ይከተለዋል። የመራቢያ ጊዜ ሲደርስም ወንዱ ሴቲቱን ለመፈለግ አይደክምም። ነገር ግን ይህ ማኅበር የተመሠረተው ጥርስ ላለው አዳኝ እንጂ መረብ ላለው አዳኝ አይደለም። ከጥርስ የሚያድነው መሰብሰብ በመረብ ፊት ጥፋት ይሆናል። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓሦችን እንመልከት፤ አንደኛው በጨው ባሕር ይኖራል፤ ሁለተኛው በአገራችን ሐይቅ።

የመጀመሪያው ሞቡላ ይባላል። ፈረንጆች ደግሞ የሰይጣን ዓሣ የሚል ስም አውጥተውለታል። ይህን መጥፎ ስም ያተረፈው በመልኩ እንጂ በሥራው አይደለም። በራሱ ግራና ቀኝ እንደ ቀንድ ወደ ፊት የሾሉ ሁለት ትናንሽ ክንፎች አሉት፤ የጥንት መርከበኞችም በጨለማ ውሃ ውስጥ ቀንድ ያለው ጥቁር ነገር ሲያልፍ አይተው ፈሩት። ቀንድ የመሰሉት ክንፎች ግን ለመውጊያ የተፈጠሩ አይደሉም። ሞቡላ ሲመገብ ይዘረጋቸውና ውሃውን ወደ አፉ ይመራባቸዋል፤ ምግብ በማይፈልግበት ጊዜ ጠቅልሎ ይይዛቸዋል። ማንንም አይነክስም። ዛሬ ስሙን የምንጠራው ትንሹ ዝርያ በጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ እንኳ የለውም።

ሞቡላ የሻርክ ዘመድ ነው። እንደ ሻርክ ሁሉ ሰውነቱን የሚደግፈው ደረቅ አጥንት ሳይሆን፣ እንደ ሰው ጆሮና እንደ አፍንጫ ጫፍ የሚተጣጠፍ ልም አጥንት ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለቱን ሰፋፊ ጎኖቹን ልክ እንደ አሞራ ክንፍ እያራገበ ይዋኛል። ከላይ ሲያዩት ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ከሥር ሲያዩት ነጭ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ የሚመለከተው ጠላት ከጥቁሩ ጥልቅ ውሃ፣ ከሥር የሚመለከተውም ከብሩህ ሰማይ ለይቶ ሊያየው ይቸግረዋል።

አመጋገቡም የሚደነቅ ነው። ይህን ያህል አካል ይዞ የሚመገበው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩትን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ይልቁንም የሽሪምፕ ዘመድ የሆኑትን ነው። አፉን ከፍቶ ወደ ፊት ይዋኛል፤ ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይወጣል፤ በስንጥቡ ላይ ያለው ወንፊት የመሰለ ክፍል ግን ምግቡን አጥልሎ ያስቀርለታል። ይህን ወንፊት አድማጮች እንዲያስታውሱት ያስፈልጋል፤ ኋላ እንደምናየው የሞቡላ መከራ ከዚህ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው።

ከሞቡላ ዝርያዎች መካከል በማኅበርተኛነቱ ስመ ጥር የሆነው ሞቡላ ሙንኪያና የተባለው ነው። የሚኖረው በሰላማዊ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከሜክሲኮው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጀምሮ እስከ ፔሩ ድረስ ነው። ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ሲለካ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ከእንጀራ ምጣድ ሁለት እጥፍ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ይህ ዝርያ እስከ 1987 ድረስ በሳይንስ ዘንድ የራሱ ስም አልነበረውም። በዚያ ዓመት ጁሴፔ ኖታርባርቶሎ ዲ ሻራ የተባሉት ኢጣሊያዊ ሊቅ ከሌሎች ዘመዶቹ ለይተው ገለጡት፤ ስሙንም ለዋልተር ሙንክ መታሰቢያ አደረጉት። ሙንክ በ1917 በቪየና ተወልደው በ2019 ያረፉ ታላቅ የውቅያኖስ ሊቅ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕርን ሞገድ አስቀድሞ ለመተንበይ ባገኙት ዘዴ የ1944ቱን የኖርማንዲ ጦር ማውረድ የረዱ ሰው ናቸው።

ሞቡላ ሙንኪያና በሺህ እየሆነ ይጓዛል። ከአውሮፕላን የተነሡት ፎቶግራፎች ሲታዩ፣ ባሕሩ በበልግ ነፋስ የረገፈ የዛፍ ቅጠል የለበሰ ይመስላል፤ ልዩነቱ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። ይህ ጉባኤ በሚደረግበት ወራት ዓሦቹ በድንገት ከባሕሩ ውስጥ እየተስፈነጠሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ከፍታ ድረስ ይዘልላሉ፤ ከዚያም ሆዳቸውን ወደ ታች አድርገው ውሃውን በጥፊ እንደ መቱት ያህል እየጮኸ ይወድቃሉ። ስለ ዝላዩ ምክንያት ሊቃውንቱ ገና አንድ ቃል አልሆኑም። አንዳንዶች በቆዳቸው ላይ የተጣበቁትን ተባዮች ለማራገፍ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ድምፁ የራቁትን ባልንጀሮች ለመጥራት ያገለግላል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከመራቢያው ወራት ጋር ያያይዙታል። በመራቢያው ጊዜ አንዲት ሴት ፊት ፊት ስትዋኝ ብዙ ወንዶች በሰልፍ እየተከተሉ፣ በዞረችበት እየዞሩ፣ በፈጠነችበት እየፈጠኑ የሚያደርጉት ውድድር ታይቷል።

እስከዚህ ድረስ የሰማነው ስለ ብዛቱ ነው። አሁን ወደ ልደቱ እንምጣ። አብዛኞቹ ዓሦች እንቁላል ይጥላሉ፤ ለምሳሌ በአባያና በጫሞ ሐይቆች የሚገኘው ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ሊጥል ይችላል። ሞቡላ ግን እንቁላል አይጥልም፤ እንደ ላም ያረግዛል፤ እንደ ላምም በአንድ ጊዜ የሚወልደው አንድ ብቻ ነው። ጽንሱ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ከማሕፀኑ ግድግዳ የሚመነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ እየተመገበ ያድጋል። እርግዝናው አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ግልገሉ ክንፎቹን እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ አጥፎ ይወለድና ወዲያው ዘርግቶ ይዋኛል። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ፣ ኤስፒሪቱ ሳንቶ በምትባለው ደሴት ጥግ፣ ጥልቀቱ ብዙ ያልሆነና ጸጥ ያለ ውሃ ለግልገሎቹ ማሳደጊያ እንደ ሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል።

እንግዲህ ነገሩን አገናዝቡት። አሥር ሺህ ሞቡላ በአንድነት ሲዘልል የሚያይ ሰው፣ ባሕሩ በሞቡላ ተሞልቷል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን እነዚያ አሥር ሺህ ዓሦች የዚያ ባሕር ሞቡላዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ ከብት በዝግታ የሚራባ እንስሳ፣ እንደ አንበጣ መንጋ ተሰብስቦ ይታያል፤ የሰውም ዓይን የሚያምነው መንጋውን እንጂ ማሕፀኑን አይደለም።

ይህ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቀይ ባሕርም የሞቡላ ዘመዶች አሉ። ከእነርሱም አንዱ ረዥም ቀንድ ያለው ሞቡላ ኤሬጉዱ ሲሆን፣ እርሱም እንደ ሜክሲኮው በማኅበር የሚጓዝ ነው። ታላቁ ሞቡላ የሚባለው ደግሞ በቀይ ባሕርም በሜዲትራንያንም ይገኛል። በ2013 የካቲት መጨረሻ ገደማ በጋዛ ጠረፍ በኩል ያለፉ ታላላቅ ሞቡላዎች በዓሣ አስጋሪዎች መረብ ተይዘው፣ በመቶ የሚቆጠሩት በአንድ ጊዜ በአሸዋው ላይ ተዘረጉ። ተመራማሪዎች ወንዶቹን ሲመረምሩ፣ ዓሦቹ ወደዚያ የመጡት ለመራባት እንደ ነበረ የሚያመለክት ምልክት አገኙ። ለተራበ ሕዝብ የመጣ ሲሳይ ነበርና አስጋሪዎቹን የሚወቅስ አይኖርም። ነገር ግን እያንዳንዷ እናት በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ በምትወልድበት ዝርያ ዘንድ፣ እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ጉዳት በስንት ዓመት እንደሚተካ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም ሌላ፣ ቀደም ብለን ያነሣነው የስንጥብ ወንፊት ደርቆ በቻይና ገበያ መድኃኒት ነው ተብሎ ይሸጣል። ፈዋሽነቱ በሕክምና ያልተረጋገጠ ሲሆን፣ ንግዱ ግን በብዙ አገሮች ሞቡላን ለማጥመድ ምክንያት ሆኗል። ቱና የሚባለውን ዓሣ ለመያዝ የሚጣሉት ታላላቅ መረቦችም ሞቡላን አብረው ይጠርጋሉ። ስለዚህ ሜክሲኮ በ2007 ባወጣችው ደንብ ሞቡላን ማጥመድ ከለከለች፤ በ2016 ደግሞ በአደጋ ላይ ስላሉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የተዋዋሉት መንግሥታት የሞቡላ ንግድ በቁጥጥር ሥር እንዲውል ወሰኑ። ኢትዮጵያም የዚህ ውል ተካፋይ ናት።

አድማጮች ምናልባት «ይህ ሁሉ የባሕር ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የለንም» ትሉ ይሆናል። የባሕሩን ነገር ከሐይቃችን ነገር ጋር የሚያገናኝልን አንድ ሰው አለ። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲያጠና ከቆየ በኋላ፣ በ1831 በምፅዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ ተራራውን ወጥቶ ጎንደር ደረሰ፤ የጣናንም ዓሦች ሰብስቦ በ1830ዎቹ ዓመታት በመጽሐፍ ገለጣቸው። በጣና ያገኛቸው ነጭ ዓሦች መልካቸው የተለያየ ስለ ሆነበት በልዩ ልዩ ስም ጠራቸው። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን «ይህ ሁሉ የአንድ ዓሣ መለዋወጥ ነው» ብለው ብዙዎቹን ስሞች ወደ አንድ ጠቀለሏቸው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን እንግዲህ ይህ የጣና ነጭ ዓሣ ነው። በሌላ አካባቢ ነጭ ዓሣ ተብሎ የሚጠራ ሌላ ዓሣ ሊኖር ይችላልና፣ እኛ የምንናገረው በሳይንስ ስሙ ላቤዎባርበስ ስለሚባለው ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ እንደ ግንብ አጥሮ ይዞታል። የሐይቁ ደለል ተቆፍሮ ሲመረመር፣ ጣና ከ15,000 ዓመት በላይ በፊት በድርቅ ዘመን ደርቆ እንደ ነበረ ታውቋል። እንግዲህ ዝናቡ ተመልሶ ሐይቁ በሞላ ጊዜ፣ ከገባር ወንዞቹ የገባው አንድ ዓይነት ዓሣ ሰፊና ባዶ ቤት አገኘ። ልጆቹም ቤቱን ተከፋፈሉት፤ አንዱ ጥልቁን፣ አንዱ ዳርቻውን፣ አንዱ ዐለታማውን ስፍራ ያዘ፤ ምግባቸውም እንደዚያው ተለያየ።

በ1990ዎቹ ዓመታት ሌዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደ ገና ሲያጠኑት፣ የሩፔል ዓይን እንዳልተሳሳተ ተረጋገጠ። የጣና ነጭ ዓሣ አንድ አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪዎቹም በመልክ የሚለዩዋቸው ከ14 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህም ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ይህም ለሊቃውንቱ ትልቅ አድናቆት ሆነ። ይህ የዓሣ ቤተ ሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጨው በጉሮሮው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ አዳኝ መሆን፣ ያለ ጎራዴ ወደ ጦር ሜዳ እንደ መሄድ ያለ ድፍረት ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ግን በዚህ ድፍረት ኖሮበታል።

እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ስብስብ በዓለም ላይ በሌላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ብቻ የታወቀ ነበር፤ እርሱም በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት የሚገኘው የላናኦ ሐይቅ ነው። «ነበር» ያልነው በስሕተት አይደለም። በላናኦ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 የዓሣ ዝርያዎች 15ቱ ጨርሰው መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 አስታወቀ። ከሌላ ስፍራ የመጡ ዓሦች መግባታቸውና ልክ ያጣ ማስገር ጨረሷቸው። የጣናው ስብስብ ዛሬ ያለ ወንድም ቀርቷል።

እነዚህ ዓሦች ዓመቱን በሐይቁ ውስጥ ተበታትነው ይኖራሉ። ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ ግን፣ ከዝርያዎቹ ግማሽ የሚያህሉት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ መሳሰሉት ወንዞች አፍ መትመም ይጀምራሉ። ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጥቅምት ድረስ በየተራቸው ይወጣሉ፤ የአንዱ ዝርያ ጊዜ ሲያበቃ የሌላው ይጀምራልና ዘራቸው አይቀላቀልም። በመጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ስፍራ ይሰበሰባሉ። ከዚያ የደፈረሰውን ዋና ወንዝ እየወጡ፣ ውሃቸው ወደ ጠራና አልጋቸው ጠጠር ወደ ሆነ ትናንሽ ገባሮች ይገባሉ፤ እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጠጠሩን የሚፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጠጠር መካከል የሚሮጥ ንጹሕ ውሃ ለእንቁላሉ አየር ያመጣል፤ ደለል ግን ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነ እንቁላልም ታፍኖ ይሞታል።

እዚህ ላይ የሞቡላን ነገር አስታውሱ። ነጭ ዓሣ እንደ ሞቡላ አንድ ብቻ አይወልድም፤ እንቁላሉ ብዙ ነው። ግን ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ወልዶም የሚስምበት በር አንድ ብቻ ነው። ያም በር የወንዙ አፍ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ቤቱን በሙሉ ያገኛል።

በጥንት ጊዜ ጣናን የሚያስግሩት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ጉዳታቸው ከዳርቻው እምብዛም አያልፍም ነበር። በ1986 ግን ሞተር ያለው ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ለአስጋሪው ገቢ፣ ለከተማውም ምግብ ይገኝ ዘንድ ነው። ተገኝቶም ነበር። በክረምት ወራት በወንዞቹ አፍ የተዘረጋ መረብ በሌላ ጊዜ በብዙ ድካም የማይገኘውን ዓሣ በአንድ ሌሊት ይሰጥ ስለ ነበር፣ ጀልባዎቹ ወደዚያው አዘነበሉ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ምርቱን ሲመዝኑ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት ወደ 75 በመቶ ያህል ወርዶ አገኙት። ክፉኛ የተጎዱትም በወንዝ የሚራቡት፣ ማለትም ተሰብስበው የሚጓዙት ዝርያዎች ነበሩ። ጥፋታቸውን ያመጣው እንደዚያ ብዙ አስመስሎ ያሳያቸው መሰብሰባቸው ሆነ።

በዚህ ላይ ሌሎች ጉዳቶች ተጨምረዋል። በገባሮቹ ውስጥ የብርብራ ዱቄት ሲበተን የሚሞተው ለምግብ የሚፈለገው ትልቁ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ለማንም የማይጠቅመው ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው አፈር የጠጠሩን አልጋ ይሸፍናል። ለመስኖ የሚሠሩት ግድቦችም፣ ለገበሬው እጅግ የሚያስፈልጉ ቢሆኑም፣ የዓሣውን መንገድ ያጥሩበታል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ዳርቻውን እየለበሰ መጥቷል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ሲታይ የሚያስደነግጥ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ዓሣ አይጠመድ» የሚል መልስ የተራበውን ሰው ከማስቀየም በቀር ፍሬ የለውም። ክረምት ለአስጋሪው ቤተ ሰብ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት መሆኑም አይዘነጋም። የሚጠየቀው ግን ይህን ያህል ከባድ ነገር አይደለም። ከዓመቱ 12 ወራት ውስጥ በመራቢያው ወራት፣ ከሰፊው ሐይቅም ውስጥ በወንዞቹ አፍ ላይ ብቻ፣ መረቡ ይነሣ ነው የሚባለው። በቀረው ጊዜና በቀረው ስፍራ ዓሣው ተበትኖ ይገኛል፤ በተበተነም ጊዜ መረብ የሚወስደው ከትርፉ እንጂ ከዋናው አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። በ2015 ደግሞ ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ሕግና መዝገብ ግን በወንዙ አፍ ላይ በሌሊት አይቆሙም፤ የሚቆመው አስጋሪው ራሱ ነው። አስጋሪው «ይህ የማየው ብዛት የዘንድሮ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የልጄም ዓሣ ነው» ብሎ ካላመነ፣ የሚጠብቅለት ዘብ አይገኝም።

አሁን ወደ ጀመርንበት ወደ ጌዴኦ አገር እንመለስ። ከይርጋ ጨፌና ከዲላ ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ በጊዳቦ፣ በገላናና በመሳሰሉት ወንዞች አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውሃ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው ከደጋ የወረደውን አፈር ተሸክሞ ስለሚኖር ነው። ስለዚህ የኢዲዶ ገበሬ ዓሣ አስጋሪ ባይሆንም፣ የዓሣ ጎረቤት ነው። በጓሮው ያቆማቸው ዛፎች አፈሩን ይዘው ሲያስቀሩለት፣ ለራሱ ቡና የሠራውን ያህል በሩቁ ሐይቅ ለሚኖረውም ሠርቷል። እንዲሁም የቡና ማጠቢያው ውሃና ገለፈት ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፣ እየበሰበሰ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ የሚጎዳውም ወራጁን ውሃ የሚጠጣው ሰውና ከብት፣ እንዲሁም በውሃው ውስጥ የሚተነፍሰው ፍጥረት ነው። ውሃውን ጉድጓድ አስገብቶ ማቆየት የሚያስወጣው ወጪ፣ ወንዝን ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ብርብራውም በዚህ ነገር አልበደለም። በአንድ አገር ጥላ ሆኖ ቡና ያሳድጋል፤ በሌላ አገር ዱቄት ሆኖ የዓሣን ዘር ያጠፋል። ዛፉ አንድ ነው፤ የሚለያየው እጁ ነው። ሞቡላም በሺህ ሆኖ ሲዘልል፣ ነጭ ዓሣም በጉማራ አፍ ውሃውን ሲያናውጠው፣ ለተመልካቹ የሚያሳየው ሀብቱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱን በሙሉ አውጥቶ በደጅ አስጥቷል። በእንግድነት የመጣ ሰው የተሰጣ እህል አይቶ የጎተራውን ልክ አይገምትም፤ ምናልባት ጎተራው ባዶ ሆኖ ያለው ሁሉ በስጡ ላይ ይሆናልና።